ወረርሽኝ ሲመጣ ገበሬው በየትኛው ወር ላይ ነው?

ባለፈው ኅዳር ጂንካ ውስጥ የማርበርግ ቫይረስ መገኘቱ በተነገረ ጊዜ፣ እኔ ያለሁባቸው የቴሌግራምና የዋትስአፕ ግሩፖች በአንድ ቀን በጥያቄ ተጥለቀለቁ። በረራ ይቆም ይሆን? ለገና የቆረጥነው ትኬትስ? አዲስ አበባ ደርሷል ወይ? የሚጠየቅ ነገር ነው፣ ማንም አይወቀስበትም። ተመስገን፣ በሽታው ሳይሰፋ ቀረ።

ነገር ግን ጂንካ የገበያ ከተማ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአሪ ደጋ ቡናውንና እህሉን ይዞ የሚወርደው ገበሬ ጨውን፣ ሳሙናውን፣ የልጁን ደብተር የሚገዛው እዚያው ነው። ገበያው ለአንድ ወር ቢዘጋ ያ ሰው ምን ይሆናል ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልሴ "እንደ ወሩ ነው" የሚል ነው። በአብዛኛው የአገራችን ደጋ በኅዳር ቢዘጋ አዝመራው ደጅ ላይ ነው፣ ገበሬው ቢያንስ ሆዱን ይችላል። በሰኔ ቢዘጋ ግን ጎተራው ተራቁቷል፣ ማዳበሪያው አልተገዛም፣ በእጁ ያለው ለዘር ያስቀመጠው እህል ብቻ ነው፤ ልጆቹም ያንን እህል እያዩት ነው። ስለ ወረርሽኝና ስለ ረሃብ ብዙ ይጻፋል። ይህች የወር ጉዳይ ግን ከጤና ሰዎችም ሆነ ውጭ ከምንኖረው ሰዎች አፍ ብዙ ስትወጣ አልሰማም። እኔ ግብርና ኢኮኖሚክስ ተምሬ፣ አሁን አሜሪካ ውስጥ ከእርሻ ጋር በማይገናኝ ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ። ትምህርቱ ግን አልለቀቀኝም፤ ስለዚህ ዛሬ ትንሽ ታገሡኝ።

ከታላላቆቹ ረሃቦቻችን አንዱ የጀመረው ከሰው በሽታ አልነበረም። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የመጣው የደስታ በሽታ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የአገሪቱን በሬና ላም ጨረሰው። ከአሥር ከብት ዘጠኙ አለቀ ተብሎ ይገመታል። ድርቅም አንበጣም ተጨመረበት። ዝናብ በጣለበት አገር እንኳ ማሳው ጦሙን አደረ፤ የሚጠመድ በሬ ከየት ይምጣ? አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት በመቆፈር ለመኳንንቱ ምሳሌ ለመሆን እንደሞከሩ ተጽፏል። ንጉሠ ነገሥት ዶማ ያነሳበትን ዘመን ሕዝቡ "ክፉ ቀን" ብሎታል፣ ስሙም እስከ ዛሬ አለ። በሽታው አንድም ሰው አልያዘም፤ ያጠፋው የእርሻውን ጉልበት ነበር። ከዚያ የተረፈውን ረሃቡ ጨረሰው።

ሠላሳ ዓመት ያህል ቆይቶ በ1911 ዓ.ም. የመጣው "የኅዳር በሽታ" ደግሞ ሰውን ነው የያዘው። ያኔ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ነበር። በአዲስ አበባ ብቻ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሰው እንደሞተ ይገመታል፣ ቀባሪ እስኪጠፋ ድረስ። ኅዳር 12 ቀን በየሰፈሩ ቆሻሻ ሲቃጠል፣ "ኅዳር ሲታጠን" ሲባል ያደግን ሁሉ ትዝ ይለናል። እኔን ሁልጊዜ የሚያሳስበኝ ግን ወሩ ነው። ኅዳር የአጨዳ ወር ነው። አጫጁ አልጋ ላይ ሲወድቅ ጤፉ መሬት ላይ ይረግፋል። የከተማውን ሙት የቆጠሩ ሰዎች ነበሩ፤ የገጠሩን ሙትም ሆነ የረገፈውን እህል በወጉ የቆጠረው የለም።

ወደ ኮሮና እንምጣ። የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ መጋቢት 30 ታወጀ፣ ለአምስት ወር። በዚያ ላይ የዚያ ዓመት ሰኔ 1 ቀን ሰኞ ዋለ! ሰኔና ሰኞ ገጠመ ማለት ነው፤ አገር ቤት የሚደወልለት ሽማግሌ ሁሉ ይህንን ሳያነሳ አይዘጋም ነበር። እኔ እንኳ በቀን አላምንም፣ ግን ሽማግሌዎቹ ስለ ሰኔ መጨነቃቸው ልክ ነበር።

መጋቢት ላይ በአብዛኛው ደጋ የመኸሩ እህል ተወቅቶ ጎተራ ገብቷል። ጎተራ ያለ እህል ደግሞ መጠበቅ ይችላል። ጭነት መኪናም አልቆመም፤ ሰው የሚጭነው አውቶቡስ ሲታገድና ሲገደብ፣ እህል የሚጭነው አይሱዙ መንገድ ላይ ነበር። ይህ ትልቅ ውሳኔ ነበር፣ በቂ ምስጋና አላገኘም። በነሐሴ 2012 በአዲስ አበባ ቤተሰቦች ላይ በስልክ የተሠራ ጥናት የምግብ ፍጆታቸው ከአንድ ዓመት በፊት ከነበረው ብዙም እንዳልወረደ አሳይቷል። ብዙዎቻችን የፈራነው የከተማ ረሃብ በዚያ መጠን አልደረሰም። ገቢያቸው የቀነሰባቸው ሰዎች ብዙ ነበሩ፤ ግን ጤፉ ደርሶላቸዋል።

ቲማቲም ግን እንደ ጤፍ አይደለም። ነገ አይልም።

ከመቂና ከባቱ አካባቢ በመስኖ የሚመረተው ሽንኩርትና ቲማቲም ለሁዳዴ ጾም ታስቦ የተተከለ ነበር። በጾም አትክልት ይፈለጋል፣ ዋጋም ይወጣል። በሽታው የገባው በዚያው በጾሙ መሃል ነው። ጥሬ አትክልት በሽታውን ያመጣል የሚል ወሬ ተናፈሰ፤ ገዢ ሸሸ። ለለቀማና ለጭነት የሚመጣው የቀን ሠራተኛ ቀነሰ። አትክልት ተራ ከፒያሳ ተነስቶ ጃንሜዳ ገባ። የነጋዴውና የደላላው ሰንሰለት፣ በጎም ይሁን ክፉ ለዓመታት በሰው መተዋወቅ የተሠራው፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ አድራሻው ጠፋው። አትክልት አምራቹ ገበሬ ብዙ ጊዜ መሬቱን የተከራየ፣ ዘሩንና መድኃኒቱን በዱቤ የወሰደ፣ ለፓምፑ ነዳጅ በየቀኑ የሚከፍል ሰው ነው። ከእህል አምራቹ ይልቅ ዘመናዊ ነው የምንለው እሱን ነው። በወረርሽኝ ጊዜ ቀድሞ የሚወድቀውም እሱ ነው፤ ዕዳ አለበት፣ ምርቱም አይቆይለትም።

ፋሲካ ሚያዝያ 11 ቀን ነበር። ከከተማ ራቅ ያለው ገበሬ በግ፣ ዶሮና እንቁላል የሚሸጥበት ትልቁ ገበያ የፋሲካ ሰሞን ነው። የዚያ ሰሞን ብር የት እንደሚውል ገጠር ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ ከፊሉ ለማዳበሪያ ቅድሚያ ክፍያ ይያዛል። የፋሲካ ገበያ ሲቀዘቅዝ በዓሉ ብቻ አይደለም የሚደበዝዘው፣ የሐምሌው ማሳም አብሮ ይጎዳል። ይህንን ሰንሰለት ለአንድ የሕክምና ባልደረባዬ ሳስረዳው "በግና ማዳበሪያ ምን አገናኛቸው?" አለኝ። እንግዲህ ይሄው ነው የሚያገናኛቸው።

ያን ጊዜ እዚህ አሜሪካ ውስጥ ምን እንደሆነ እናስታውስ። ምግብ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ የዊስኮንሲን ገበሬዎች ወተታቸውን መሬት ላይ ሲደፉ በቴሌቪዥን አየን። የአሜሪካ መንግሥት በዚያው ሚያዝያ ወር የ19 ቢሊዮን ዶላር ፕሮግራም አወጣ፤ 16 ቢሊዮኑ በቀጥታ ለገበሬውና ለከብት አርቢው የሚከፈል፣ 3 ቢሊዮኑ ደግሞ ከገበሬው ወተት፣ ሥጋና አትክልት ገዝቶ ለተቸገሩ ቤተሰቦች በካርቶን የሚታደል። የእኛ መንግሥት 19 ቢሊዮን ዶላር የለውም፣ ይህንን ለመናገር ኢኮኖሚስት መሆን አያስፈልግም። ሁለተኛው ሐሳብ ግን ብር ሳይሆን አስተሳሰብ ነው የሚጠይቀው። በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ ውስጥ "ማዕድ ማጋራት" ተጀምሮ ነበር። ደግ ሥራ ነው፣ ብዙ ቤት አድርሷል፤ ከእኛም ብዙዎቻችን ልከንበታል። በየቤቱ የደረሰው ግን ብዙውን ጊዜ ዱቄት፣ ዘይትና ማካሮኒ ነበር። ከመቂ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሚጋራው ማዕድ ላይ የመቂ ሽንኩርት ቢጨመር ኖሮ አንድ ብር ሁለት ቤት ይገባ ነበር፤ አንዱ የተራበው ቤት፣ ሌላው የገበሬው።

ስለ ጉልበትም አንድ ነገር ልበል። በእኛ አገር ማሳ ላይ የቤተሰብ ጉልበት የማይበቃባቸው ቀናት አሉ፤ አረም፣ አጨዳ፣ ውቂያ። ያኔ ደቦ ይጠራል፣ ወይም ወንፈል። እንግዲህ አሥራ አምስት ሰው ተሰብስቦ፣ ጎን ለጎን ተደርድሮ፣ ከአንድ ጣሳ እየጠጣ የሚሠራ ሥራ ነው። አካላዊ ርቀት የሚባለው ነገር ከደቦ ጋር እንዴት ይስማማል? በእ.ኤ.አ. 2014 ኢቦላ ላይቤሪያ ሲገባ ይኸው ጥያቄ ተነስቷል። እነሱ "ኩ" የሚሉት ልክ እንደ ደቦ ያለ የእርሻ መረዳጃ ነበራቸው፤ መሰብሰብ ሲከለከልና ሰዎች እርስ በርስ ሲፈራሩ ኩ ፈረሰ፣ የሩዝ አጨዳውም ተጎዳ። በእኛ አገር በ2012 ክረምት ደቦው በአብዛኛው አልቆመም፤ ገበሬው ትእዛዙን ሰምቶ ወደ ማሳው ሄደ። ያዳነን ዕድል ነው፤ ገጠሩ ቫይረሱ በከተማ እንደተሠራጨው አልተሠራጨበትም ነበር። ቀጣዩ በሽታ እንደ ኢቦላ ወይም እንደ ማርበርግ በንክኪ የሚተላለፍ ከሆነ በዚህ ዕድል መተማመን አይቻልም። የልማት ጣቢያ ሠራተኞች በየቀበሌው አሉን፣ 8028 የሚባል የገበሬዎች የስልክ መስመርም ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ደቦን በአነስተኛ ቡድን እንዴት ማከናወን እንደሚቻል፣ ሁለት ቤተሰብ ብቻ ተጣምሮ ወንፈል እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዳ መልእክት በሰላሙ ጊዜ ተዘጋጅቶ መቀመጥ ነበረበት። የእጅ መታጠቢያ ትምህርት ብቻውን እህል አያጭድም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ምን ሠራ? ማስረጃ ያለው መልስ አንድ ነው፣ እሱም አዲስ ነገር አይደለም። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔት ነው። በየዓመቱ ወደ 8 ሚሊዮን የሚጠጋ የገጠር ሰው ይደርሰዋል። ሰዎቹ ከጥር እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ እርከን ይሠራሉ፣ መንገድ ይጠርጋሉ፣ በምላሹ ጥሬ ገንዘብ ወይም እህል ይከፈላቸዋል። ኮሮና ሲመጣ ሰው የሚያሰባስበው የጋራ ሥራ ቀርቶ ክፍያው እንዲቀጥል ተደረገ። ተመራማሪዎች ከወረርሽኙ በፊት ቤት ለቤት ያነጋገሯቸውን የገጠር ቤተሰቦች በኋላ በስልክ መልሰው ጠየቋቸው። ምግብ አጠረን የሚሉት ቤተሰቦች ድርሻ በ11.7 ነጥብ መቶኛ ጨምሮ ተገኘ። ሴፍቲኔት ውስጥ ባሉት ቤተሰቦች ግን ጭማሪው 2.4 ብቻ ነበር። ምግብ የሚያጥርበት ጊዜም በአማካይ ወደ ግማሽ ወር ሲረዝም፣ በሴፍቲኔት ቤተሰቦች የጨመረው አራት ቀን ያህል ነው።

ይህንን ቁጥር ሁለት ጊዜ አንብቡት። ስለ ሴፍቲኔት ብዙ ሐሜት አለ፤ ጥገኝነት ያመጣል፣ የቀበሌ ሹም ለዘመዱ ይሰጠዋል፣ ክፍያው ይዘገያል። ከሐሜቱ ውስጥ እውነት አለበት፣ በተለይ መዘግየቱ። ነገር ግን ወረርሽኝ በገባበት ሳምንት አዲስ ዝርዝር ማዘጋጀት፣ አዲስ ኮሚቴ ማቋቋም አላስፈለገም። ስሙ የተመዘገበ ሰው ነበር፣ የሚከፈልበት መንገድ ነበር፣ የክፍያው ወራትም ከጥር እስከ ሰኔ መሆናቸው ወረርሽኙ ከገባበት ወቅት ጋር ገጠመ። ድንገት ለሚመጣ ነገር መሣሪያው ቀድሞ የተሠራ መሆን አለበት የምንለው ለዚህ ነው።

ታዲያ ይህ መሣሪያ ዛሬ እንዴት ነው? የሴፍቲኔቱን ወጪ ከመንግሥት ጋር የሚሸከሙት ለጋሾች ነበሩ፤ የዓለም ባንክ፣ የአውሮፓ መንግሥታት፣ በእህል በኩል ደግሞ ዩኤስኤይድ። ዩኤስኤይድ በ2017 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ላይ ተዘግቷል። እዚህ አገር ያለን ሰዎች ይህንን እንደ ዋሽንግተን ፖለቲካ ነው ያየነው፤ ማን ከሥራ ተባረረ፣ ማን ፍርድ ቤት ሄደ። በአንድ የወሎ ወይም የሐረርጌ ወረዳ ግን ይህ ማለት በሰኔ ጎተራ ውስጥ ያለው ነገር ማለት ነው።

ከኮሮናው በላይ ገበሬውን የጎዱት ተከታትለው የመጡት ነገሮች ናቸው። አንበጣው ከ2011 መጨረሻ ጀምሮ ነበር፤ ለእኛ አገር በ25 ዓመት ውስጥ ያልታየ። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ በአንድ ቀን 35 ሺህ ሰው የሚበላውን ያህል ይበላል ይባላል። በጥቅምት 2013 ወሎና ራያ ላይ ጤፉና ማሽላው ሊታጨድ ሲል ደረሰ። የኬሚካልና የመሣሪያ ጭነት ደግሞ በወረርሽኙ ምክንያት በረራ ስላነሰ ዘግይቶ ነበር። ከከተማ ወጣቶች ወርደው ከገበሬው ጋር ሲያጭዱ የሚያሳዩ ፎቶዎችን ታስታውሱ ይሆናል። ጥቅምት 24 ሌሊት ጦርነቱ ተጀመረ፤ ስለዚያ እዚህ አልገባም፣ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ያስፈልገዋል።

የማዳበሪያው ነገር ግን ሊዘለል አይገባም። አገራችን በየዓመቱ ከ1 ሚሊዮን ቶን በላይ ማዳበሪያ በጅቡቲ በኩል ታስገባለች፣ ሁሉም በዶላር ነው። ወረርሽኙ የመርከብ ኪራይን አስወደደ፤ የተፈጥሮ ጋዝ ሲወደድ ከሱ የሚሠራው ዩሪያ አብሮ ወጣ፤ በየካቲት 2014 የዩክሬን ጦርነት ተጨመረ። መንግሥት ቢደጉምም ገበሬው የሚከፍለው ዋጋ በሁለት ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። በ2015 ክረምት ደግሞ ማዳበሪያው በዋጋም አልተገኘም ያሉ ገበሬዎች አደባባይ ወጥተዋል። በሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ እኛ የምንልከው ዶላር ብዙ ብር መሆኑን አየንና ደስ አለን። ያው ዶላር ግን የዩሪያውንም ዋጋ ይዞት ወጣ። ለእናቱ 200 ዶላር የሚልክ ሰው እናቱ የምታርስ ከሆነ ሂሳቡን በኩንታል ማዳበሪያ ቢያሰላው ይሻለዋል።

ስለምንልከው ብር ከተነሳ፣ በሚያዝያ 2012 የዓለም ባንክ ስደተኞች ወደ ድሃና መካከለኛ ገቢ ወዳላቸው አገሮች የሚልኩት ገንዘብ በ20 በመቶ ገደማ ይቀንሳል ብሎ ተንብዮ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ሲታይ የቀነሰው 1.6 በመቶ ነው። ለድሃና መካከለኛ ገቢ ላላቸው አገሮች 540 ቢሊዮን ዶላር ገብቷል። ማን ላከው? ሆስፒታል የምታጸዳው፣ ኡበር የሚነዳው፣ ታክሲው ሲቆምበት መጋዘን የገባው። በዚያው ሰሞን ከሳዑዲ ወገኖቻችን በሺዎች እየተጫኑ ይመለሱ ነበር፤ ቤይሩት ቆንስላችን ደጃፍ ላይ አሠሪዎቻቸው የጣሏቸው እህቶቻችን መንገድ ላይ ያድሩ ነበር። እነሱ ይልኩላቸው የነበሩት የገጠር ቤተሰቦች ብዙ ናቸው፤ የዓረብ አገር ብር ከአሜሪካው ብር ይልቅ ገጠር የመግባት ልማድ አለው። የአማካይ ቁጥሩ ይህንን አያሳይም።

እንግዲህ ገንዘቡ አለ፣ ልባችንም አለ። ጥያቄው ወሩ ነው። የምንልከው ለአዲስ ዓመት፣ ለገና፣ ለፋሲካ፣ ለሰርግና ለለቅሶ ነው። ገበሬው ግን እህሉን በታህሳስና በጥር ይሸጣል፤ የማዳበሪያ ዕዳ አለበት፣ የመሬት ግብር አለበት፣ ጥር ላይ ሰርግ አለ። ጎረቤቱ ሁሉ በአንድ ሳምንት ስለሚሸጥ ዋጋው ወድቋል። ያንኑ እህል በሐምሌና በነሐሴ ከገበያ ይገዛዋል፣ ያኔ ዋጋው ጫፍ ላይ ነው። ይህ በሰላሙ ጊዜ ነው። ወረርሽኝ ገብቶ የሐምሌው ገበያ ቢዘጋ ደግሞ የሚገዛበትም ቦታ አይኖርም። ስለዚህ በታህሳስ ከሽያጭ የዳነ አንድ ኩንታል በቆሎ፣ በሐምሌ ከሚላክ እርዳታ ይበልጣል፤ መንገድ ቢዘጋም ባይዘጋም እዚያው ቤት ውስጥ ነውና።

ለማቆየት ሁለት ነገር ያስፈልጋል። አንደኛው ነቀዝን መከላከል ነው። ጤፍን ነቀዝ ብዙም አይደፍረውም፣ ደቃቅ ነው። በቆሎን፣ ማሽላንና ባቄላን ግን በጥቂት ወራት ውስጥ ዱቄት ያደርገዋል፤ ገበሬው በርካሽ የሚሸጠው አንዱ ለዚህ ፍራቻ ነው። ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት የሚባል አለ፣ ፒክስ ይሉታል። ሁለት የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ለውስጥ፣ ከላይ ተራው ማዳበሪያ ከረጢት። አፉ ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር ውስጥ ያለው ነቀዝ አየር አጥቶ ይሞታል። መድኃኒት የለውም፣ መርዝ የለውም። አገራችን ውስጥ ከገባ ዓመታት ሆኖታል፣ ግን በየወረዳው ሱቅ አይገኝም።

ሁለተኛው ዕዳው ነው። ግብሩና የማዳበሪያው ክፍያ በታህሳስ መከፈል አለበት፤ ከረጢቱ ይህንን አይፈታም። የኒጀር ገበሬዎች የሚጠቀሙበት አንድ ዘዴ አለ፣ ዋራንታዥ ይሉታል። ገበሬው አዝመራ ሲሰበስብ እህሉን መንደር ውስጥ ባለ መጋዘን ያስገባል። ብድርና ቁጠባ ተቋሙ እህሉን መያዣ አድርጎ በዚያ ጊዜ ዋጋ ብር ያበድረዋል። መጋዘኑ ሁለት ቁልፍ አለው፤ አንዱ ከገበሬዎቹ ማኅበር ጋር፣ አንዱ ከአበዳሪው ጋር፣ ሁለቱ ካልተገናኙ አይከፈትም። ክረምት ሲቃረብና ዋጋ ሲወጣ ገበሬው ብድሩን ከፍሎ እህሉን ያወጣል፣ ወይ ይበላዋል፣ ወይ ይሸጠዋል። ይህንን "የእህል ባንክ" ከሚባለው ጋር እንዳታምታቱት። በሳህል አገሮች በእ.ኤ.አ. 1970ዎቹና 80ዎቹ የተቋቋሙት የእህል ባንኮች ብዙዎቹ ከስረዋል፤ እህሉ የሁሉም ስለነበር የማንም አልሆነም፣ በዱቤ የወሰደው አልመለሰም። በዋራንታዥ እያንዳንዱ ከረጢት ባለቤት አለው።

እዚህ ላይ ነው የእኛ ድርሻ የሚታየኝ። በ2010 ዓ.ም. በቀን አንድ ዶላር ተብሎ የተጀመረው የዲያስፖራ ትረስት ፈንድ ከ5 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስቦ ነበር፤ ጅምሩ ጥሩ ነበር፣ ግን ሁሉን አገር በአንድ ሣጥን ማድረስ ከባድ ነው። አነስ አድርገን እንየው። ከአንድ ወረዳ የወጣን፣ እዚህ ዲሲ ወይም ሚኒያፖሊስ ያለን 40 ሰዎች በወር 25 ዶላር ብናወጣ በዓመት 12 ሺህ ዶላር ነው። ለእርዳታ ከታደለ በአንድ ክረምት ያልቃል። የአንድ ቀበሌ ብድርና ቁጠባ በታህሳስ ለሚያበድረው ዋስትና ሆኖ ቢቀመጥ ግን ከብድሩ የማይመለሰውን ብቻ ነው የሚሸፍነው፤ ሌላው ለቀጣዩ ዓመት ይተርፋል። በየጊዜው ባነር ሰቅሎ ፎቶ መነሳት አይመችም ይሆናል፣ ብሩ ተቀምጦ ነው የሚሠራው።

"ይበላል" የሚል ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ልክ ነው፣ ሊበላ ይችላል። ለዚህ ነው ሁለት ቁልፍ ያስፈለገው፤ ለዚህም ነው ብሩ እዚያ በአንድ ሰው ስም የማይገባው። ሌላው ስጋት ዋጋው በሐምሌ ሳይወጣ መቅረቱ ነው፤ መንግሥት ወይም እርዳታ ድርጅት ድንገት ስንዴ ካፈሰሰ ይህ ይሆናል። ያኔ ገበሬው ትርፍ አያገኝም፣ እህሉ ግን ቤቱ ነው። ከዚያ የሚብሰው ጸጥታው ነው። ዛሬ መጋዘን ሊቆምባቸው የማይችሉ ወረዳዎች አሉ፣ ማን እንደሚዘርፈውም አይታወቅም። እዚያ ላለው ዘመድ ከረጢቱን በየቤቱ ከማድረስ የተሻለ ነገር ለጊዜው አይታየኝም።

የሚቀጥለው መኸር የሚታጨደው በኅዳርና በታህሳስ 2019 ነው። መጋዘን አጥርቶ፣ ከረጢት አስገዝቶ፣ ከብድርና ቁጠባው ጋር ውል ለመጻፍ ጊዜው አሁን ነው፤ ጥቅምት ላይ ከተጀመረ አይደርስም። የወረዳችሁ ማኅበር ስብሰባ ካለው፣ ከመሰብሰቡ በፊት አንድ ሰው አገር ቤት ይደውልና እነዚህን ይጠይቅ፦ የቀበሌው ኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን ቁልፉ በማን እጅ ነው? ባለፈው ዓመት ውስጡ ምን ነበር? ጣሪያው ያፈሳል ወይ?